ከቁስቋም በፎሌ

ጌቱ ጉለሌ ውስጥ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው ታክሲ እየነዳ መዘመሩ ነው፤ ያውም ድምፁ የማያምር ሰውዬ። ሁለተኛው ፎሌው ነው።

ፎሌ ምን መሰላችሁ፣ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ነጻ አድርጎ መኪናዋን በራሷ ክብደት እንድትንከባለል መልቀቅ ነው። ሞተሩ ያርፋል፣ ናፍታው ይተርፋል። አዎ፣ ሌላውም ሹፌር ያደርገዋል። ጌቱ ግን ከቁስቋም ማርያም አጠገብ አንዴ ከለቀቃት ማርሽ ሳይነካ ሽሮ ሜዳ ከች ነው። የትኛው ኩርባ ላይ ፍሬን እንደሚነካ፣ የትኛው ላይ እንደሚለቃት፣ የትኛውን ጉድጓድ በግራ ጎማ እንደሚያልፍ በህልሙም አይስተውም። ናፍታ ጠፍቶ ሌላው ሹፌር ማደያ ተሰልፎ ሲውል፣ ጌቱ በፎሌ ባተረፋት ጠብታ አንድ ሁለት ምልልስ ይጨምር ነበር። "እኔ ልጆቼን በቁልቁለት ነው ያሳደግኳቸው" ይላል ሁሌ።

እና የኤሌክትሪክ ሚኒባስ የተሰጠው ለዚህ ሰውዬ ነው።

ነገሩን ያመጣችው ደግሞ የገዛ ልጁ ናት። ቤርሳቤህ፣ ቤት ውስጥ ቤርሲ የሚሏት፣ የመጨረሻ ልጁ፣ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ የሚገጣጥም ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው። አንድ ቀን ጌቱ ያለበት የታክሲ ማኅበር ስብሰባ ጠራና ስለ አዲሶቹ መኪኖች ልታስረዳ መጣች። ቱታዋን እንደለበሰች፣ ጸጉሯን በሻሽ ጠቅልላ። ሹፌሮቹ እጃቸውን አጣጥፈው ሰሟት። ሰምተው ሲያበቁ ጀመሯታ።

"ይሄ መጫወቻ የቁስቋምን ዳገት አይወጣም" አለ አንዱ።

"ዝናብ ቀን ቢይዘንስ?" አለ ሌላው።

"መብራት ሲጠፋስ? በኩራዝ ነው የምንነዳው?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቤርሲን ላብ ላብ አላት። ከዚያ ምን አለች? "አባቴ ይነዳዋል!" አለች። "ቁስቋምን ከሱ በላይ የሚያውቅ አለ? የለም። እሱ ከወደደው እናንተም ትወዱታላችሁ። እሱ ከመለሰው እኔም ሁለተኛ እዚህ አልመጣም።"

ከኋላ ተቀምጦ ቆሎ የሚቆረጥመው ጌቱ ቆሎው ጉሮሮው ላይ ቀረበት። ማንም አላማከረውም እኮ! ግን ልጁ ናት፤ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ በሽማግሌ ሁሉ ፊት፣ ባባቷ ምላ ነው የቆመችው። ምን ይበል? ተነስቶ "እነዳዋለሁ" አለ፤ ቆሎው እያነቀው።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ሐብታሙ ነገሩን ቋጨው። "ጌቱና ስብሐት አንድ ወር ይሞክሩልን። አሮጌ መኪኖቻችሁ እዚህ ግቢ ይቆያሉ። ወሩ ሲያልቅ አዲሱ ተስማማን ካላችሁ አሮጌው ይቀራል፤ አልተስማማንም ካላችሁ የድሮውን ቁልፍ ትወስዳላችሁ። ሌላው ሰው እናንተን አይቶ ይወስናል።"

ስብሐት ወጣት ሹፌር ነው። ቁልቁለት ስለሚፈራ የማይቀልድበት የለም። ማርሽ ሳይለቅ፣ መሪውን ጨምድዶ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ነው የሚወርደው። "ስብሐት ሲወርድ ተሳፋሪው ጢም ያበቅላል" ይላል ጌቱ።

ቤርሲ ሁለቱን አሠለጠነቻቸው። እዚህ ጋ ወደፊት፣ እዚህ ጋ ወደኋላ፣ ይሄ ነጻ፣ ይሄ ደግሞ ባትሪው ስንት እንደቀረው የሚያሳየው ቁጥር። "ዳገቱ ቢበላባችሁ አትደንግጡ" አለቻቸው፣ "ቁልቁለት ስትወርዱ ባትሪው ራሱ መልሶ ይሞላል።"

ጌቱ ፊቱ በራ። "ቁልቁለትማ ከሆነ ለኔ ተዪው።"

መጀመሪያ መጀመሪያ ደስ ሲል! ሸፊን ላስተዋውቃችሁ፣ የጌቱን ረዳት። አርባውን ያለፈ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ከጌቱ ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚጨቃጨቅ ሰው። መጀመሪያ ቀን በሩን ዘግቶ "ሳበው!" አለ። ጸጥ። "ሳበው እንጂ ጋሽ ጌቱ!" አለ ደግሞ። "ስቤያለሁ እኮ፣ ወደ ውጭ እይ" አለው ጌቱ። ሸፊ ቢያይ የቁስቋም አጥር ወደኋላ እየሄደ ነው። "ያ ረቢ!" አለ በሩን ጨብጦ።

ድምፅ የላትማ። አሮጊቷ መኪና ስትሄድ ሰው ከጎኑ ካለው ጋር የሚያወራው እየጮኸ ነበር፤ እዚህ ግን ሹክሹክታ ሁሉ ለሁሉም ይሰማል። አንዱ ጎረምሳ ገና ቁስቋም ተራ ላይ እያለ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ "ደርሻለሁ የኔ ቆንጆ፣ ስድስት ኪሎ ነኝ" ሲል፣ ሸፊ በመስኮቱ "ከቁስቋም ሽሮ ሜዳ ስድስት ኪሎ! ሁለት ሰው የቀረው!" ብሎ ለቀቀው። ከስልኩ የልጅቷ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ፣ "ማነው እሱ ቁስቋም ያለው?" ታክሲው በሙሉ ሳቀ። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ከኋላ "ልጄ፣ እንዳትሰሚው፣ ገና አልተነሳንም!" አሉ ጮክ ብለው።

ጌቱ ያን ቀን ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለደሳለች ይሄን ሲያወራ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ቤርሲም ሰማች። "ወደድካት?" አለችው። "ትንሽ ትንሽ" አላት።

ከዚያ መቆም ጀመረች።

ሁሌ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሁሌ ያው ቦታ፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም ሲወጣ፣ ዳገቱ በጣም ቀጥ የሚልበት ጋ፣ የኡመይማ ሱቅ በር ላይ። ቁጥሩ ይወርዳል፣ ይቀላል፣ መኪናዋ ትንሽ ትጎተትና ልክ እንደደከማት ሴትዮ ቀስ ብላ ትቆማለች። የመጀመሪያ ቀን ተሳፋሪው በልማዱ ወርዶ መግፋት ጀመረ። "ገፍተን እናስነሳት!" አለ ሸፊ። "ኤሌክትሪክ በመግፋት አይነሳም፣ አንተ!" አለው ጌቱ፣ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ። ኡመይማ ከሱቋ ወጥታ ጎማው ስር ትልቅ ድንጋይ አኖረችላቸው። ከዚያ አየቻቸውና ፍሪጇን ነቅላ የመኪናዋን ገመድ በሱ ቦታ ሰካችላቸው። "ቶሎ በሉ፣ እርጎዬ ይበላሻል" አለች።

ቀስ እያለ ጥቂት ይሞላል፤ ከዚያ የማኅበሩ ግቢ ወደታች ስለሆነ መድረሱ አያስቸግርም። ግን የከሰዓቱ ሥራ ሞተ ማለት ነው። ተሳፋሪው እያጉረመረመ በእግሩ ይወጣል። ስብሐት በዚያው መንገድ፣ በዚያችው ዓይነት መኪና፣ ሞልቶ ጭኖ በአጠገባቸው ያልፍና መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል።

"ጋሼ ጌቱ፣ ልጎትትዎት?"

"ሂድ አንተ፣ ጢማችን ሳያድግ ሂድልን!"

ጌቱ ሌሊት ሌሊት አሰበበት። የሱ መኪና ላይ ብቻ የሆነ ነገር አለ። ቁልቁለት ላይ ይሞላል የተባለው አይሞላማ! ዓይኑን ቁጥሩ ላይ ተክሎ ከቁስቋም ሽሮ ሜዳ ይወርዳል፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ባትሪው በሽተኛ ነው። በሽተኛ ባትሪ ደግሞ የገጠመችው ማናት? ልጁ። ቢነግራት ምን ይሰማታል? መሥሪያ ቤቷ ምን ይላታል? እነዚያ ቆሎ ቆርጣሚ ሹፌሮች ምን ይሏታል? ሸፊንና ኡመይማን አስማላቸው። "ለቤርሲ አንድ ቃል ትንፍሽ እንዳትሉ።"

ለደሳለች ግን "መኪናዋ ትንሽ ይደክማታል" ብሎ አመለጠው። ደሳለች ደግሞ የቀጨኔ የጸሎት ቡድን መሪ ናት። ሐሙስ ዕለት ቤርሲ ሥራ ላይ እያለች የቡድኑን እህቶች ሰብስባ ወጣች፤ መኪናዋን ከበው እጃቸውን ጫኑባት። "ጌታ ሆይ፣ የደከመው ባትሪ በስምህ ይበርታ!" "አሜን!" ሸፊ ውስጥ ሆኖ ወንበር እየጠረገ ስለነበር እሱም "አሚን!" አለ በበኩሉ።

በማግስቱ ኡመይማ በር ላይ ቆመች።

እማማ የዓለምወርቅ ይሄን ሰምተው ዝም አላሉም። እሳቸው ሁሌ ጠዋት ቁስቋም ማርያም አስቀድሰው ጸበል በጄሪካን ይዘው በጌቱ ታክሲ ነው የሚወርዱት። ጄሪካኑን ከፈቱና መሪው አካባቢ ረጨት ረጨት አደረጉ።

"እማማ! ኤሌክትሪክ ነው እኮ፣ ውሃ አይርጩብን!" አለ ሸፊ ዘሎ።

"ዝም በል አንተ! ጸበል ሾርት አያደርግም!"

ሾርትስ አላደረገም። ግን ከሰዓት ቆመች። ሸፊ ደግሞ ጠዋት ሲነሱ ቢስሚላህ፣ ዳገቱ ሲጀመር ቢስሚላህ፣ ኩርባው ጋ ቢስሚላህ እያለ ጉሮሮው ደረቀ። ቆመች። ኡመይማ ድንጋዩን ወደ ሱቋ መመለስ ትታ በሯ ላይ ቋሚ ቦታ ሰጠችው።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ጌቱ ማኅበሩ ግቢ ሄደ። አሮጊቷ ጥግ ላይ አቧራ ጠጥታ ቆማለች። በሯን ከፍቶ ገባና ቁጭ አለ። የማርሽ እጀታዋ ላይ የነበረው ቁጥር በሱ መዳፍ ተልጦ ጠፍቷል፤ እንደ እንቁላል ለስልሷል። እጁን ሲያኖርበት እጁ ቤቱ የገባ መሰለው።

አቶ ሐብታሙ በመስኮቱ ብቅ አለ። "ምነው?"

"ቅዳሜ ማታ አዲሷን እመልሳለሁ። ቁልፌን አዘጋጅልኝ።"

"እህ። ሌሎቹም ይሄንኑ ነው የሚጠብቁት፤ አንተ ከመለስክ አለቀ።" አለ ሐብታሙ። "ልጅህስ? ምን ልትላት ነው?"

"ወገቤን አሞኛል፣ የአዲሷ ወንበር አልተስማማኝም እላታለሁ። እንዳታፍር።"

"ወገብህን ብላ ታምንሃለች?"

"እሱን ደግሞ አስብበታለሁ።"

አርብ ማታ እራት ላይ ቤርሲ ደስ ብሏታል። ሥራ ቦታዋ ሁሉም ስለ አባቷ እንደሚጠይቃት ታወራለች። "'ያባትሽ መኪና እንዴት ናት?' ይሉኛል። 'አባቴ ዝም ካለ ተስማምቶታል ማለት ነው' እላቸዋለሁ።" ጌቱ ጎረሰ፣ ውሃ ጠጣ፣ ደሳለችን ላለማየት ጣሪያ አየ።

"አባ፣ ነገ እረፍት ነኝ" አለችው። "ጋቢና ቁጭ ብዬ አብሬህ ልውል ነው። እንደ ልጅነቴ።"

ልጅ ሆና ትምህርት ሲዘጋ ቀኑን ሙሉ ጋቢና ነበረች። ሲወርዱ፣ ፎሌው ሲጀምርና ሞተሩ ጸጥ ሲል፣ አንገቷ ዘንበል ይልና ትተኛለች። ሽሮ ሜዳ ሲደርሱ ሸፊ "ወራጅ አለ!" ብሎ ይቀሰቅሳታል። ጌቱ ይሄ ትዝ አለውና "እሺ የኔ እናት" ከማለት ሌላ ምን ይበል።

ቅዳሜ ጠዋት ቁስቋም ተራ ላይ ሸፊ ጎተተው። "ጋሽ ጌቱ፣ ልጅቷን ዛሬ ለምን አመጣሃት? ከሰዓት እኮ ኡመይማ ጋ መቆማችን ነው!"

"እኔ ነኝ ያመጣኋት? እሷ ናት ያመጣችኝ።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ከምሳ በፊት ወገቤን ያመኛል።"

ሞላች። እማማ የዓለምወርቅ ከነጄሪካናቸው ከጋቢናው ኋላ፣ ሌላውም እንደተለመደው ተጠጋግቶ። ጌቱ መሪውን ያዘ። ማታ ቁልፉን ይቀበላል፣ ነገ ልጁ ታዝናለች። እንግዲያው፣ አለ በሆዱ፣ ዛሬ ቢያንስ አንድ ያማረ ቁልቁለት ትውረድ። እንደ ልጅነቷ። የመጀመሪያውን ኩርባ አለፈ፣ መንገዱ ወደታች ሲደፋ እጁን ልኮ ቀጭ አደረጋትና ለቀቃት። ቅቤ! ጎማው ብቻ ነው የሚሰማው። ጌቱ መዝሙር ጀመረ።

ቤርሲ ግን አልተኛችም። መንገዱን አየች። ቁጥሩን አየች። ከዚያ የአባቷን እጅ አየች።

"አባ።"

"ወዬ የኔ እናት።"

"ማርሹ የት ላይ ነው?"

"የት ይሆናል፣ ፎሌ ላይ ነዋ። ቁልቁለት አይደለም እንዴ?"

"ሁሌ እንዲህ ነው የምትወርደው? በዚች መኪና?"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ! አንቺ አይደለሽም እንዴ ቁልቁለት ይሞላታል ያልሽን? እኔ እንዲሞላላት ብዬ አንጀቷ እስኪርስ ነው የምለቃት። እሷ ግን ባትሪዋ..." አለና ምላሱን ነከሰ።

"ባትሪዋ ምን?"

መኪናዋ ድምፅ የላትማ፤ ሁሉም ሰምቷል። ከኋላ አንድ ሰውዬ "አልነገሯትም እንዴ?" አለ። ሌላዋ "ፍሪጅ የነቀለችላቸው ልጅ ስሟ ማነው?" አለች። "እኔ ራሴ ሁለቴ ገፍቻታለሁ" አለ ሦስተኛው። እማማ የዓለምወርቅ ደግሞ "እኔ ጸበል ረጭቼላታለሁ፣ ደሳለችም በእምነቷ ጸልያለች፤ ያልሆነላት ነገር የለም" አሉ።

"እኔ ምንም አልተናገርኩም" አለ ሸፊ። "ምያለሁ።"

ጌቱ መንገድ ዳር አቆመ። ወደፊት ብቻ ነው የሚያየው። "ቤርሲዬ፣ ይቺ መኪና በሽተኛ ናት። ማታ ልመልሳት ነው። በሰው ፊት እንዳላዋርድሽ ብዬ ነው የደበቅኩሽ። ወገቤን ልልሽ ነበር።"

ዞር ቢል ልጁ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ልቡ ተሰበረ። "አታልቅሺ በናትሽ፣ እኔ..." እጇን ስታነሳ እየሳቀች ነው። እያለቀሰችም ነው። ሁለቱንም ባንዴ።

"አባ! መኪናዋ ደህና ናት!" አለች። "ስትወርድ ባትሪውን የሚሞላው ጎማው ሞተሩን ሲያሽከረክረው እኮ ነው። ፎሌ ስታደርጋት ሞተሩ ይተኛል፣ ምንም አይሰበስብም። ቧንቧ ስር ጄሪካኑን ከነክዳኑ እንደማስቀመጥ ነው። ውሃው ይወርዳል፣ ጄሪካኑ አይሞላም።"

ሸፊ ከበሩ አንገቱን አስግጎ ጠየቀ።

"ማለት... ወር ሙሉ ክዳኑን ሳንከፍት ነው የጸለይነው?"

ሳቁ መንገድ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ አስቆመ። ጌቱ ግን አልሳቀም። "ታዲያ ስብሐትስ?" አለ።

"ስብሐት ማርሽ አይለቅማ። ለዚያ ነው የሚሞላለት።"

"ያ ፈሪ!" አለ ጌቱ። በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። መዳፉን ገልብጦ አየው። "ፎሌ እኮ ቤርሲ... እናንተን ያበላሁበት ነው።"

"አውቃለሁ አባ።" እጁን ያዘችው። "እኔ ደግሞ የተኛሁበት ነው። ሰው ስለ ቁልቁለት ሲያወራ እኔን ያ ጸጥታ ነው ትዝ የሚለኝ። ልንገርህ? ይሄን ሥራ የወደድኩት ራሱ መኪናው ሁሌ እንደዚያ ጸጥ ስለሚል ነው።"

ጌቱ አፍንጫውን ጠረገ። "ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"እኔ ነኝ እንጂ። ላንተ 'ፎሌ ክልክል ነው' ብዬ ግንባርህ ላይ መጻፍ ነበረብኝ።"

ማርሹን አስገባና ተነሱ። ይሄኔ ቁልቁለቱ ሌላ ሆነ። መኪናዋ ከኋላ ሰው እጇን የያዛት ይመስል ተጠንቅቃ ነው የምትወርደው። ጌቱን ጨነቀው። ሁለተኛው ኩርባ ጋ ሲደርስ እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ማርሹ ሄደ። ቤርሲ መታችው። ሦስተኛው ጋ ደግሞ ሄደ። "እጅ!" አሉ እማማ የዓለምወርቅ ከኋላ። ከዚያ በኋላ ታክሲው በሙሉ ሥራ ያዘ፤ የጌቱ ቀኝ እጅ ከመሪው ነቅነቅ ባለ ቁጥር "እጅ! እጅ!" ይጮኻሉ፣ ልክ ልጅ ምድጃ ሊነካ ሲል እንደሚጮኸው። ሽሮ ሜዳ መውረድ የነበረበት ሰውዬ ደግሞ መጨረሻውን ሳላይ ብሎ ስድስት ኪሎ ድረስ አለፈ።

"ጨመረች!" አለ ጌቱ በድንገት። "እዩት፣ ቁጥሩ ጨመረ! ቤርሲ፣ ጨመረ እኮ!"

"አላልኳችሁም?" አሉ እማማ። "ጸበሉ ነው። ዘግይቶ ነው እንጂ።"

ከሰዓት፣ ያው ሰዓት፣ ያው ዳገት። ኡመይማ ሰዓቷን ታውቃለች፤ ፍሪጁን ነቅላ፣ ድንጋዩን በሁለት እጇ አቅፋ መንገድ ዳር ወጥታ እየጠበቀች ነበር። ታክሲው መጣ። ዳገቱ ቀጥ አለ። ጌቱ ትንፋሹን ያዘ፣ ሸፊ "ቢስ..." ብሎ ጀመረና ተወው። መኪናዋ ኡመይማ አጠገብ ደረሰች፣ አለፈቻት፣ ወጣች። ኡመይማ ድንጋዩን እንዳቀፈች አንገቷን እያዞረች ተከተለቻቸው።

ሸፊ በመስኮቱ ወገቡ ድረስ ወጥቶ "ኡመይማ! ፍሪጁን ሰኪው! እርጎሽን አድኚ!" አለ። ድምፁ እንጦጦ ሳይደርስ አልቀረም።

ማታ ማኅበሩ ግቢ ሹፌሮቹ ተሰብስበዋል። ጌቱ ሊመልስ ነው የሚለው ወሬ ቀድሞ ደርሷል። አቶ ሐብታሙ የአሮጊቷን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ በር ላይ ቆሟል። ጌቱ ከአዲሷ ወረደ፣ ማንንም ሳያናግር ቀጥ ብሎ ወደ አሮጊቷ ሄደና ገባ። "በቃ፣ አለቀ" አለ አንዱ ሹፌር። ቤርሲ ከአዲሷ ጎን ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ጌቱ ውስጥ ትንሽ ቆየ። የሆነ ነገር ሲያዞር ታየ፣ ከዚያ ወጣ። እጁ ላይ የማርሽ እጀታዋ አለች።

"ቁልፉን ተወው ሐብታሙ" አለ። "እኔ የምፈልገው ይቺን ብቻ ነው። አዲሷ ተስማምታኛለች።"

"ወገብህስ?"

"ድኗል።"

ቤርሲ ጥፍሯን ከአፏ አወጣች። ስብሐት እየሳቀ ቀረብ አለ። "ጋሼ፣ ወሬውን ሰምቻለሁ። ቁልቁለት እንዴት እንደሚወረድ ከፈለጉ እኔ ላሳይዎት እችላለሁ።"

ጌቱ ከእግር እስከ ራሱ አየው። "አንተ ፈሪ" አለው፤ ግን ክንዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ነው። "ሰኞ ከኋላህ እከተልሃለሁ። ብቻ ቶሎ ቶሎ በል፣ ምላጭ አልያዝኩም።"

እሁድ ከቸርች ሲመለሱ ቤርሲ ቱታዋን ለብሳ አዲሷ ውስጥ ገባች። ደሳለች ምሳ ቀረበ ብላ ብትጠራት ብትጠራት አልወጣችም። ስትወጣ ጌቱን ጠራችው። ከሹፌሩ ወንበር በስተቀኝ፣ ልክ እጁ የሚሄድበት ቦታ ላይ፣ አጭር ብረት ተክላለች፤ ጫፉ ላይ ያቺ የለሰለሰች እጀታ።

"ይሄ ከምን ጋር ነው የተገናኘው?" አላት።

"ከምንም ጋር።"

ሰኞ ጠዋት ከቁስቋም ሞልተው ተነሱ። መንገዱ ወደታች ሲደፋ ጌቱ እጁን ላከ፣ እጀታዋን ጨበጠ፣ ቀጭ አደረገና "ፎሌ!" አለ። ቁጥሩ መጨመር ጀመረ። ጋቢና የተቀመጠ አዲስ ተሳፋሪ ገርሞት ወደ ሸፊ ዞረ። "ረዳት፣ ይቺ ነገር ምን ታደርጋለች?"

ሸፊ ፊቱን ኮስተር አድርጎ መለሰለት። "እሷ ናት የምትሞላው።"